የብር ሰይፍ የትውልድ ሐረግ፤ የዘር ምስክርነት በሃዋይ ደሴቶች የዕፀዋት ታሪክ ላይ

መግቢያ

የታሪክ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከሰነድ ነው። ዜና መዋዕል፣ የገዳም መዝገብ፣ የመንገደኛ ማስታወሻ ወይም የድንጋይ ላይ ጽሕፈት ካገኘ፣ አንዱን ከሌላው እያስተያየ ወደ እውነቱ ለመድረስ ይሞክራል። ሰው ስላልደረሰበት ዘመንና ስፍራ ሲጠየቅ ግን እነዚህ ሁሉ አይረዱትም። በውቅያኖስ መካከል ከእሳተ ገሞራ በተወለደች ደሴት ላይ የበቀለው ተክል ከየት መጣ? መቼ ደረሰ? ዘመዶቹስ የት ናቸው? ይህን አይቶ የጻፈ ሰው አልነበረም። የቀለጠ ዐለት በተደራረበበት አገር ደግሞ የጥንት ተክል ቅሪት እንደ ልብ አይገኝም።

ይሁን እንጂ ተክሉ ራሱ ሰነዱን በሕዋሱ ውስጥ ይዞ ይኖራል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዐላማ ይህ ሰነድ እንዴት እንደ ተነበበ በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ነው። ምሳሌው በሃዋይ ደሴቶች የሚገኘውና «የብር ሰይፍ» የሚባለው ተክል ከነዘመዶቹ ነው። በመጀመሪያ የተክሉ ትውልድ ብዙ ዘመን ያከራከረበትን ምክንያት እንመለከታለን። ቀጥሎም የዘር ምስክርነት ክርክሩን እንዴት እንደ ቈረጠው እናያለን። በመጨረሻም ያው ምስክር ስለ ዛሬው የሰው ሥራ የሚሰጠውን ፍርድ እንመረምራለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የደሴቶች ጥያቄ

ቻርልስ ዳርዊን በ1835 የጋላፓጎስን ደሴቶች በጎበኘ ጊዜ፣ በዚያ የሰበሰባቸውን ዕፀዋት እንዲመረምር ኋላ ለወዳጁ ለጆሴፍ ሁከር ሰጠው። ከምርመራው የተገኘው ውጤት የሚያስገርም ነበር። ከዕፀዋቱ ብዙዎቹ በዓለም ላይ ከዚያ በቀር የማይገኙ ሆነው ሳሉ፣ መልካቸው ግን ወደ ደቡብ አሜሪካ ዕፀዋት ያዘነብላል። ዳርዊን ነገሩን በፈተና ለማረጋገጥ ፈልጎ በ1855 ልዩ ልዩ ዘሮችን በጨው ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፈ ስንት ቀን ቈይተው ሊበቅሉ እንደሚችሉ ቈጠረ። ብዙዎቹ ከተገመተው በላይ ጸንተው ተገኙ።

ሁከር በበኩሉ በ1866 በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ ስለ ደሴቶች ዕፀዋት ንግግር ባደረገ ጊዜ፣ በዘመኑ የነበሩትን ሁለት አሳቦች በሚዛን አስቀመጠ። አንደኛው አሳብ ደሴቶቹ ከጥንት የብስ ጋር የተያያዙ ነበሩ፤ በመካከል የነበረው ምድር ሰጠመ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዘሮቹ በነፋስ፣ በማዕበልና በአዕዋፍ ተሸክመው ባሕር ተሻገሩ የሚል ነው።

ስለ ሃዋይ ከሆነ ይህ ጥያቄ በምድር ጥናት መልስ አግኝቷል። የካናዳው ሊቅ ቱዞ ዊልሰን በ1963 እንዳስረዳው፣ የሃዋይ ደሴቶች የተወለዱት በባሕሩ ወለል ሥር ካለ አንድ የጋለ ስፍራ በላይ፣ አንዱ ከሌላው በኋላ በተራ ነው። ከዋና ዋናዎቹ ደሴቶች በሰሜን ምዕራብ ያለው ካዋይ 5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። በደቡብ ምሥራቅ ያለውና ሃዋይ የሚባለው ትልቁ ደሴት ግን 1 ሚሊዮን ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከየብስ ጋር የተያያዙበት ጊዜ የለም። ለእነርሱ ቅርብ ከሚባለው ከካሊፎርኒያ ጠረፍ እንኳ የሚለያቸው ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውሃ ነው። ስለዚህ በዚያ የሚኖር አገር በቀል ተክል ሁሉ አባቱ ባሕር ተሻጋሪ ነው። የቀረው ጥያቄ ከየትኛው ጠረፍ ተነሣ የሚለው ብቻ ነው።

የዐይን ምስክርነት

የብር ሰይፍ በሃዋይ ሰዎች ቋንቋ «አሂናሂና» ይባላል። በማዊ ደሴት በሃሌአካላ ተራራና በትልቁ ደሴት በማውና ኬአ ተራራ፣ ደመና ከሚያርፍበት በላይ፣ ቀን ፀሐይ በሚያቃጥልበትና ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት ጠጠር ላይ ይበቅላል። ቅጠሎቹ እንደ ሰይፍ የሾሉና ብር የመሰለ ጠጕር የለበሱ ሆነው ከመሬቱ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ብዙ ዓመት እንዲህ ከቈየ በኋላ ከመካከሉ ረጅም የአበባ ግንድ ያወጣል፤ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል።

ዘመዶቹ ግን በመልክ እርሱን አይመስሉም። በካዋይ ደረቅ ገደሎች ላይ ያለው ዊልኬሲያ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም ቀጭን ግንድ አለው፤ ቅጠሉን በጫፉ ላይ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ዱባውቲያ የሚባለው ወገን ደግሞ ከሁሉ የተለያየ ነው። ከውስጡ ዛፍ አለ፣ ቍጥቋጦ አለ፣ እንደ ሐረግ የሚጠመጠም አለ፣ በረግረግ ላይ እንደ ትራስ ተጠቅልሎ የሚኖርም አለ። አንዳንዶቹ በዓመት ከ400 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናም በሚያገኝ ስፍራ ይኖራሉ። ሌሎቹ ከ10,000 ሚሊ ሜትር በላይ በሚዘንብበት ይኖራሉ። ዝርያዎቹ በጠቅላላው 30 ያህል ናቸው።

መልካቸው እንዲህ የተራራቀ በመሆኑ የዕፀዋት ሊቃውንት በሦስት ወገን ከፍለው ስም አወጡላቸው። ዱባውቲያን ፈረንሳዊው ጎዲሾ በ1830፣ አርጂሮክሲፊየም የተባለውን የብር ሰይፍ የጄኔቫው ደ ካንዶል በ1836፣ ዊልኬሲያን አሜሪካዊው ኤሳ ግሬይ በ1852 ሰየሙ። ስለ ትውልዳቸውም አንድ ቃል አልተገኘም። በካሊፎርኒያ ታርዊድ የሚባሉ፣ ቅጠላቸው እንደ ሙጫ የሚያጣብቅና ሽታቸው የሚከረፋ፣ አብዛኞቹ በአንድ ዓመት በቅለው የሚደርቁ የሜዳ ዕፀዋት አሉ። ዴቪድ ኬክ በ1936 ስለ ብር ሰይፍ ባሳተመው ጥናት ከእነዚህ ጋር ዝምድና አለው የሚለውን አሳብ አልተቀበለም። ሸርዊን ካርልኲስት ግን በ1959 የቅጠሉንና የእንጨቱን ውስጣዊ አሠራር፣ የሚያጣብቀውን ፈሳሽ የሚያመነጩትን ዕጢዎችም በአጕሊ መነጽር ከመረመረ በኋላ፣ ዘመዶቹ እነዚያው የካሊፎርኒያ ታርዊዶች ናቸው ሲል ጻፈ።

ሁለቱም ሊቃውንት ጠንቃቆች ነበሩ። ሁለቱም ያዩት አንድ ተክል ነው። ልዩነታቸው የመጣው የመልክ ምስክርነት ሁለት ወገን የሚናገር በመሆኑ ነው። ዘመድ ሆኖ የኑሮ ስፍራው መልኩን የለወጠበት አለ፤ ባዕድ ሆኖ የኑሮ ስፍራው ያመሳሰለውም አለ። ዐይን እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ሌላ ምስክር ያስፈልገዋል።

የሕዋስ ምስክርነት

ሌላው ምስክር የተገኘው በመጀመሪያ ከክሮሞዞም ነው። ክሮሞዞም ማለት በሕዋስ አስኳል ውስጥ ዘርን ተሸክሞ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፍ ክር መሰል አካል ነው። ጄራልድ ካርና ዶናልድ ካይሆስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሃዋይ ዝርያዎችን ክሮሞዞም እየቈጠሩ፣ አንዱን ከሌላው እያዳቀሉ ተመለከቱ። ሐረግ የሚመስለው ከቍጥቋጦው፣ የብር ሰይፉ ከዱባውቲያው ጋር ዲቃላ ወለደ። በ1981 እና በ1986 ያሳተሟቸው ጽሑፎች እንዳስረዱት፣ ሦስት ስም የተሰጣቸው ወገኖች በሕዋሳቸው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ያገራችን ሰው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል፤ በእነዚህም ዕፀዋት ዘንድ መልክ ያራቀውን ዘር አቀረበው።

ከካሊፎርኒያ ጋር ያለውን ዝምድና ያረጋገጠው ግን ዲ.ኤን.ኤ. ነው። የዚህን አሠራር ለመረዳት የመጻሕፍት አገለባበጥን ማሰብ ይጠቅማል። መጽሐፍ በእጅ ሲገለበጥ አንድ ቁም ጸሓፊ አንድ ቃል ቢዘል ወይም አንድ ፊደል ቢለውጥ፣ ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጠው ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይወርሳል። ስለዚህ በልዩ ልዩ ገዳማት የተገኙ ሁለት ብራናዎች በአንድ ስፍራ አንድ ዓይነት ግድፈት ቢኖራቸው፣ ከአንድ እናት ቅጂ የወጡ ናቸው ብሎ መፍረድ ይቻላል። የብራናው ቆዳ ቢለያይ፣ ሐረጉና ሥዕሉ ቢለያይ፣ ፍርዱን አይለውጠውም። ዲ.ኤን.ኤ.ም እንዲሁ በአራት ፊደል የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ፊደል ይለወጣል፤ የተለወጠውም ለትውልድ ይተላለፋል። የጋራ ለውጥ የሚገኝባቸው ዝርያዎች የጋራ እናት አላቸው ማለት ነው።

ብሩስ ባልድዊንና ባልደረቦቹ ይህን ምርመራ ያካሄዱት በክሎሮፕላስት ዲ.ኤን.ኤ. ነው። ክሎሮፕላስት የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ለተክሉ ምግብ የሚያዘጋጀው አረንጓዴ የሕዋስ ክፍል ሲሆን፣ የራሱ የሆነ አጭር ጽሑፍ አለው። ተመራማሪዎቹ በተወሰነ የፊደል ቅደም ተከተል ላይ ብቻ የሚቈርጡ ኤንዛይሞችን ተጠቀሙ። ፊደሉ ተለውጦ ከሆነ ኤንዛይሙ በዚያ ስፍራ አይቈርጥም፤ ስለዚህ የቍራጮቹ ርዝመት ይለያያል። ይህን እያስተያዩ በ1990 እና በ1991 ያሳተሙት ውጤት የካርልኲስትን አሳብ የሚያጸና ሆነ። የሃዋይ ዝርያዎች ሁሉ ከአንድ እናት የወረዱ ናቸው፤ የቅርብ ዘመዶቻቸውም በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ የሚኖሩ፣ ከዓመት ዓመት የሚዘልቁ ጥቂት ታርዊዶች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ በኋላ ጊዜ ካርልኲስቲያ ተብሎ በዚያው ሊቅ ስም ተጠራ። ባሕሩን እንዴት እንደ ተሻገሩ በዐይን ያየ ባይኖርም፣ የሚያጣብቀው ፍሬ በወፍ ላባ ላይ ተለጥፎ ሳይመጣ አልቀረም ተብሎ ይገመታል።

ይሁን እንጂ አንድ ምስክር ብቻውን አይበቃም። ክሎሮፕላስት በእነዚህ ዕፀዋት የሚወረሰው በእናት በኩል ነው፤ ስለዚህ የሚናገረው ስለ እናት ወገን ብቻ ነው። በቀድሞ ዘመን በርስት ክርክር ተሟጋቹ በአባትም በእናትም ቈጥሮ እስከ አቅኚው አባት ይደርስ እንደ ነበር፣ ተመራማሪዎቹም የሁለቱንም ወላጆች ቃል መስማት አስፈለጋቸው። በ1999 ባሪየር፣ ባልድዊን፣ ሮቢሾና ፑሩጋናን በአስኳል ውስጥ ያሉትንና የአበባን አሠራር የሚያዝዙትን ዘረ መሎች መረመሩ። እያንዳንዱ ዘረ መል በሃዋይ ዝርያዎች ውስጥ በሁለት ቅጂ ተገኘ። አንዱ ቅጂ ወደ አንድ የካሊፎርኒያ መስመር፣ ሁለተኛው ወደ ሌላ መስመር ይወስዳል። የክሮሞዞሙ ቍጥር ለዚህ ደጋፊ ነው፤ የካሊፎርኒያዎቹ ዘመዶች 7 ወይም 8 ጥንድ ሲኖራቸው የሃዋዮቹ 13 ወይም 14 ጥንድ አላቸው። ከዚህ የምንረዳው የደሴቶቹ አቅኚ የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ እንደ ነበረና የሁለቱንም ሙሉ ውርስ ይዞ እንደ መጣ ነው።

ይህ ግኝት ለታሪኩ ትልቅ ትርጕም ያለው ይመስለናል። ባሕር የተሻገረ አንድ ዘር ድኻ ሆኖ ይጀምራል ተብሎ ይታሰባል። ይህኛው ግን ስንቁን ዕጥፍ አድርጎ ነበር የመጣው። ከአንዱ ቅጂ ነባሩን ሥራ ሲያሠራ ሌላው ቅጂ ለለውጥ ነጻ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ቤት ዛፍም፣ ሐረግም፣ የብር ሰይፍም የወጣበትን ምክንያት በዚህ ብቻ መግለጥ ባይቻልም፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስነውርም።

የዘመን ቈጠራ

ሰነድ ያለ ዓመተ ምሕረት ግማሽ ሰነድ ነው። ባልድዊንና ሳንደርሰን በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በዲ.ኤን.ኤ. ላይ የተከማቸውን የፊደል ለውጥ እንደ ሰዓት ተጠቅመው ጊዜውን ለመወሰን ሞከሩ። ሰዓት ግን የሚሞላበት መነሻ ያስፈልገዋል። የደሴቶቹን ዕድሜ መነሻ ቢያደርጉት ማስረጃውንና ፍርዱን አንድ ያደርጉት ነበር። ስለዚህ መነሻ ያደረጉት የምዕራብ ሰሜን አሜሪካ በጋ መድረቅ የጀመረበትን ዘመን፣ ማለትም ከዛሬ 15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያለውን ነው። ታርዊዶቹ ደረቅ በጋ የለመዱ ስለ ሆኑ ከዚያ በፊት ተባዝተዋል ለማለት አይቻልም።

የተገኘው ቍጥር 5.2 ሚሊዮን ዓመት ሆነ፤ በወዲያና በወዲህ 0.8 ሚሊዮን ዓመት ሊጨመርበት ወይም ሊቀነስለት ይችላል። ይህም የሃዋይ ዝርያዎች ከአንድ አባት መለያየት የጀመሩበት ከፍተኛው ዕድሜ ነው። የካዋይ ደሴት ዕድሜ ደግሞ ከላይ እንደ ተባለው 5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ሳይመካከሩ የቀረቡ ሁለት ምስክሮች በአንድ ቃል ሲገናኙ ዳኛው ልቡ ያርፋል። ኬክ ያልተቀበለው የካሊፎርኒያ ዝምድና ከዚህ ወዲያ አጠራጣሪ አልሆነም።

የማውና ኬአ ጕዳይ

እስካሁን የተነገረው ያለፈ ነገር ነው። ያው የዘር ምስክርነት ግን በዛሬው ላይም ይመሰክራል።

ስኮትላንዳዊው የአትክልት ሰው ጀምስ ማክሬ በ1825 ማውና ኬአን ሲወጣ የብር ሰይፍን በብዛት አይቷል። በዚያን ጊዜ ጥፋቱ ገና መጀመሩ ነበር። መርከበኛው ጆርጅ ቫንኩቨር በ1793 ከብትና በግ ወደ ደሴቱ አስገብቶ ነበር፤ ፍየል ደግሞ በ1778 ከካፒቴን ኩክ ጋር ቀድሞ ወደ ሃዋይ ደሴቶች ገብቷል። ሰኰና ያለው ሣር በል እንስሳ በሌለበት ስፍራ ያደገው ተክል እሾኽም መርዝም አልነበረውም። እንስሳቱ ዱር ገብተው በተባዙ ጊዜ የብር ሰይፍ ከተራራው ዙሪያ እየጠፋ ሄዶ፣ በመጨረሻ እንስሳት በማይደርሱበት ገደል ላይ የተንጠለጠሉ ጥቂት ዐሥርታት ተክሎች ብቻ ቀሩ።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተክሉን ለማዳን ችግኝ እያፈሉ ወደ ተራራው መመለስ ተጀመረ። ችግኞቹ በመቶ፣ ኋላም ከዚያ በላይ እየተቈጠሩ ተተከሉ። ለሚቈጥር ሰው ሥራው የሠመረ ይመስል ነበር። ነገር ግን በተክሎቹ ዘር ላይ ምርመራ ሲደረግ ሌላ ነገር ታየ። ኤሊዛቤጥ ፍራየርና ባልደረቦቿ በ2000 ባሳተሙት ጥናት የዲ.ኤን.ኤ.ን 8 ስፍራዎች መርምረው፣ በገደሉ ላይ የቀሩትን ነባር ተክሎች በሰው እጅ ከተተከሉት ጋር አስተያዩ። ነባሮቹ ቍጥራቸው እንዲያ ቢመነምንም የዘር ሀብታቸው በጕልህ አልቀነሰም። የተተከሉት ግን በብዛታቸው ልክ ሀብታም አልነበሩም፤ የዘር ልዩነታቸው በግልጥ ቀንሷል። ስሌቱ የሚያሳየው ሁሉም የተወለዱት ከ3 ከማይበልጡ እናቶች መሆኑን ነው።

ይህ ለብር ሰይፍ ቀላል ነገር አይደለም። ተክሉ በራሱ ዱቄት ራሱን ሊያዳብር አይችልም፤ የማይዛመደው ሌላ ተክል በዚያው ሰሞን ማበብ አለበት። በዕድሜውም የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እኅትማማቾች ብቻ በሞሉበት ሜዳ የሚያብብ ተክል ፍሬ አልባ ሆኖ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከገደሉ ነባር ተክሎች የአበባ ዱቄት እየወሰዱ በእጅ ማዳቀል፣ ከብዙ እናቶችም ዘር እየሰበሰቡ መትከል ጀመሩ። ሥራው የተቃናው ስንት ተክል አለ ከሚለው ጥያቄ በላይ ከስንት እናት የሚለው በተጠየቀ ጊዜ ነው።

ከአገራችን ተራሮች ጋር ያለው ግንኙነት

በስሜን ወይም በባሌ ተራሮች ላይ ጅብራን ያየ አንባቢ የብር ሰይፍን ሥዕል ቢመለከት ዘመዱ ነው ሊል ይችላል። ጅብራም በብርድ ከፍታ ላይ ቅጠሉን ክብ አድርጎ ይቀመጣል፤ ብዙ ዓመት ቈይቶ አንድ ጊዜ ረጅም አበባ ያወጣና ይሞታል። ዝምድና ግን የላቸውም። ጅብራ ከሎቤሊያ ወገን ነው፤ የብር ሰይፍ ደግሞ ከሱፍና ከኑግ ጋር በአንድ ቤተ ሰብ ይቈጠራል። ያመሳሰላቸው የቀን ፀሐይና የሌሊት ውርጭ ነው። ኬክና ካርልኲስት የተለያዩበት ችግር በእኛ ተራራ ላይም እንዳለ ከዚህ ይታያል።

ተራሮቻችን ራሳቸው በአንድ በኩል ደሴቶች ናቸው። የስሜን ጅብራ ከባሌ ጅብራ የሚለየው በውቅያኖስ ባይሆንም በቈላና በስምጥ ሸለቆ ነው፤ ደጋን የለመደ ተክል ቈላን አይሻገርም። የስዊድኑ ሊቅ ኦሎቭ ሄድበርግ በ1957 እና በ1964 ባሳተማቸው ሥራዎች የምሥራቅ አፍሪካን የከፍተኛ ተራሮች ዕፀዋት በሰፊው መርምሯል። በ2007 ደግሞ በኢትዮጵያና በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ላይ በሚገኝ አንድ ግዙፍ ሎቤሊያ ላይ በዲ.ኤን.ኤ. ዘዴ የተካሄደ ጥናት ታትሟል። መንገዱ ተጀምሯል ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፣ የብር ሰይፍ ትውልድ ለብዙ ዘመን ያከራከረው ሊቃውንቱ ስለ ሰነፉ አልነበረም፤ በእጃቸው የነበረው የመልክ ምስክርነት ለሁለት ወገን የሚናገር ስለ ነበረ ነው። ክሮሞዞም ሦስቱን ወገኖች አንድ ቤት አደረገ፤ የክሎሮፕላስት ዲ.ኤን.ኤ. የእናታቸውን አገር አሳየ፤ የአስኳሉ ዘረ መል ሁለት ወላጆችን ገለጠ፤ የምድር ጥናት ዘመኑን አጸና። አንዳቸውም ብቻቸውን ለፍርድ አይበቁም ነበር። በአጕሊ መነጽር የሠራው የካርልኲስት ድካምም ባይኖር፣ ባልድዊን የሃዋይን ተክል ከካሊፎርኒያ ሜዳ ጋር ለማስተያየት ባልተነሣሣም ይሆናል።

ሁለተኛው ትምህርት ለሥራ የሚሆን ነው። በአገራችንም የተመናመነ ዛፍና ሣር ወደ ስፍራው ለመመለስ ችግኝ ይፈላል፤ የተተከለው በሚሊዮን እየተቈጠረ ይነገራል። ቍጥሩ መልካም ነው። ነገር ግን ዘሩ የተለቀመው ከአንድ አጥቢያ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት እናት ዛፎች ከሆነ፣ በማውና ኬአ የደረሰው በእኛም ደጋ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ዘር ለቃሚው ከብዙ እናት ዛፎች እንዲለቅም፣ የለቀመበትንም ስፍራና የእናቶቹን ቍጥር በመዝገብ እንዲጽፍ ቢደረግ ወጪው ጥቂት ነው፤ ለሚመጣው ትውልድ ተመራማሪም ሰነድ ይሆናል።